ሕፃን ስለ ምን ይጻፍ?

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ስለ ሊጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ልጅ የጀመረው ሥራ ከፍጻሜ አይደርስም፤ ልጅ የተናገረው ነገር ቁም ነገር አይሆንም፤ ስለዚህ ልጅ ዝም ብሎ ከታላላቆቹ ይስማ ማለት ነው። ምሳሌው ለቤት አስተዳደር ይጠቅም ይሆናል። በድርሰት ክፍለ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት በቆመ ጊዜ ግን ብዙ ጉዳት ያደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገርም ይኸው ነው። ትንንሽ ልጆች እንዲጽፉ ስናዛቸው ስለ ምን እንዲጽፉ እናዛቸዋለን? ከገዛ ሕይወታቸውስ ትርጕም ያለውን ገጠመኝ ፈልገው እንዲያገኙ የምንረዳቸው በምን መንገድ ነው?

ለምርመራችን ምሳሌ እንዲሆነን ቦንጋንና የካፋን ዞን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ካፋ ስለ እርሱ ብዙ የተጻፈለት፣ እርሱ ግን ስለ ራሱ ጥቂት የጻፈ ሀገር ስለ ሆነ ነው። ጥንታዊው የካፋ መንግሥት ታሪኩን የጠበቀው በአፍ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ድል ከሆኑና መንግሥታቸው ካለፈ በኋላ ስለዚያ ሀገር በሰፊው የጻፉት አብዛኛዎቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። ኦስትርያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ካፋ ገብቶ ያየውንና የሰማውን መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በሁለት ክፍል በጀርመንኛ አሳተመ። በዘመናችንም የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ከባቢ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የዕፀዋት ሊቃውንት፣ ነጋዴዎችና ጎብኚዎች ስለ ዱር ቡናው፣ ስለ ማሩና ስለ ኮረሪማው ጽፈዋል። ቢበርም ሌሎቹም በጎ ሥራ ሠርተዋል፤ አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ከዚያው ደን ጥግ ተወልዶ፣ ከዚያው ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ሕፃን የሚያውቀውን እነርሱ ሊያውቁት አይችሉም። ሕፃኑ ካልጻፈው የሚጽፍለት ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ በሀገራችን ትምህርት ቤቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ የኖሩትን የድርሰት ርእሶች እንመልከት። «የትምህርት ጥቅም»፤ «የውሃ ጥቅም»፤ «ሳድግ ምን መሆን እፈልጋለሁ»፤ «የክረምት ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍሁ»። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕፃኑ የሰማውን መልሶ እንዲናገር እንጂ ያየውን እንዲናገር አይጠይቁትም። ሦስተኛው ገና ስላልኖረበት ዘመን ይጠይቀዋል፤ እርሱም «ሐኪም ሆኜ ወገኔን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብሎ ይገላገላል። አራተኛው ርእስ ወደ ገዛ ሕይወቱ የሚያደርሰው ይመስላል። ሆኖም ስፋቱ ሕፃኑን ያስጨንቀዋል። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ማን ይጨርሰዋል? በዚህም ምክንያት «ክረምቱን ቤተ ሰቦቼን በመርዳትና በማጥናት አሳለፍሁ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ ዐረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ሰውም የለበትም።

ለካፋ ልጅ የሚቀርበው ዋነኛ ርእስ ደግሞ ቡና መሆኑን መገመት አያዳግትም። ርእሱ በጎ ርእስ ነው። የሚጽፈው ግን ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ካልዲ የተባለ እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘልሉ አየ የሚለውን ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ በጽሕፈት ከሚገኝባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ማሮናዊው ሊቅ ፋውስቶስ ናይሮን እ.ኤ.አ. በ1671 በሮማ ከተማ በላቲን ቋንቋ ያሳተመው ነው፤ በዚያም መጽሐፍ እረኛው ካልዲ ተብሎ አልተጠራም። ስሙ የተጨመረው ኋላ ነው። እንግዲህ በቦንጋ ከተማ የሚኖር፣ እናቱ በየቀኑ ቡና ስታፈላ የሚያይ ልጅ ስለ ቡና ጻፍ ሲባል ከሮማ የመጣ ተረት ይጽፋል ማለት ነው። ተረቱ መልካም ተረት ስለ ሆነ ማንም ቢያነበው ይደሰትበታል። የሚያሳዝነው ልጁ በዐይኑ ያየው ቡና እንዳይጻፍ መንገዱን ስለሚዘጋበት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ድርሰቶችን በአሳባችን እናቁም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል እንበል። «ቡና ለሀገራችን ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ሰብል ነው። ካፋ የቡና መገኛ ነው። ስለዚህ ቡናን መንከባከብ አለብን።» ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል እንበል። «እኅቴ እሸት ቡና ስትለቅም እኔ ቅርጫቱን እይዝላት ነበር። በድንገት ዝናም መጣ። እናቴ የተሰጣውን ሸፍኑ ብላ ተጣራች። የእንሰት ቅጠል እየጎተትሁ ስሮጥ ቅጠሉ ተቀደደብኝ። የሰሌኑ አንዱ ጥግ ሳይሸፈን ቀረ። ማታ አባቴ የረጠበውን ቡና በእጁ አገላብጦ አየና ምንም አልተናገረም። እኔም ራት አልበላሁም።»

በተለመደው አሠራራችን የመጀመሪያው ከዐሥር ዘጠኝ ያገኛል፤ ሁለተኛው «ከርእሱ ወጥቷል» ይባላል። በሂስ ዐይን ስንመዝነው ግን ፍርዱ ይገለበጣል። በሁለተኛው ድርሰት ውስጥ «የውጭ ምንዛሪ» የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን የቡና ዋጋ ለአንድ ቤት ምን እንደ ሆነ ከአባትየው ዝምታ እናውቀዋለን። «አዘንሁ» የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን ልጁ ራት ሳይበላ ማደሩን ሰምተን እኛም እናዝናለን። የተቀደደው የእንሰት ቅጠል ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። በቦታው የነበረ ልጅ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ታላላቅ ደራስያን ብዙ ደክመው የሚያገኙትን ይህን እውነት ሕፃኑ ያለ ድካም በእጁ ይዞታል፤ የጎደለው ነገር ያንን የሚጠይቀው ሰው ነው።

«ትርጕም ያለው ገጠመኝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅ ድርጊትን ነው። ጎርፍ፣ ሠርግ፣ ሞት፣ የሩቅ መንገድ ጉዞ። ሕፃኑም እንዲህ ያለ ነገር ካልገጠመው «እኔ ምንም አልደረሰብኝም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ገጠመኝ ትርጕም የሚያገኘው በመጠኑ አይደለም፤ በልጁ ልብ ውስጥ አንዳች ነገር አለዋውጦ በማለፉ ነው። አባት የማር ቀፎ ከረዥም ዛፍ ጫፍ ሲሰቅል ከሥር ቆሞ ገመድ የያዘ ልጅ፣ እጁ መንቀጥቀጡን ያስታውሳል። በበቆሎ ማሳ ማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮ ሲጠብቅ እንቅልፍ የጣለው ልጅ፣ ሲነቃ ያየውን ያስታውሳል። አያቷ ቆጮ ከጉድጓድ ስታወጣ ሽታውን የጠላች፣ ኋላ ግን ከቤት ርቃ ስትኖር ያንኑ ሽታ የናፈቀች ልጅ፣ መጽሐፍ የሚሞላ ነገር አላት። እነዚህ ሁሉ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሰው ሲለወጥ ይታያል።

በጥቂት መጀመር የሚለው አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ መወድስ ዝረፍ ተብሎ አይጀምርም። አስቀድሞ በሁለት ቤት ብቻ የሚያልቀውን ጉባኤ ቃና ይማራል፤ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። የሌላውን ሰው ቅኔ ወስዶ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ መምህሩና ጓደኞቹ ያውቁበታል፤ ያፍራልም። ይህ ሥርዐት ሦስት ነገር ያስተምረናል። ትንሽ ልክ፣ ጸጥ ያለ የማሰቢያ ጊዜና የሚሰማ መምህር። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ድርሰትም እነዚህኑ ሦስቱን ይፈልጋል። «ስለ ክረምት ጻፍ» በማለት ፋንታ «በክረምት አንድ ቀን፣ ከዚያም ቀን ውስጥ ዝናም የያዘህን ሰዓት ብቻ ጻፍልን» ብንለው ለሕፃኑ በልኩ የተሰፋ ልብስ እንደ ሰጠነው ይቈጠራል።

በውጭ ሀገርም ይህን ነገር የደረሱበት አሉ። የመስኮቡ ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1859 በርስቱ በያስናያ ፖልያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በመጀመሪያ ልጆቹ ስለ ቤት፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ እህል እንዲጽፉ ቢያዝዛቸው እንባ እስኪቀርባቸው ድረስ ተቸገሩ። እርሱ ቀላል መስሎት የሰጣቸው ርእስ ለእነርሱ ከባድ ሆነ። በኋላ ግን ከሕዝብ ምሳሌያዊ ንግግር አንዱን አንሥቶ፣ ልጆቹ በመንደራቸው የሚያውቁትን ሰው እያሰቡ ታሪክ እንዲሠሩለት ቢያደርግ፣ የጻፉት ነገር ራሱን ደራሲውን አስደነቀው። እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው ጽሑፍም የገበሬ ልጆች ከእኛ ይማሩ ወይስ እኛ ከእነርሱ ብሎ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ተረትና ምሳሌ ለሞላባት ሀገራችን ይህ ትምህርት የቀረበ ነው። አንድ ምሳሌ ጽፎ «ይህን የሚመስል ነገር በሠፈርህ አይተህ ታውቃለህን?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ አያስወጣም።

ገና ፊደል በመቍጠር ላይ ላሉት ደግሞ በኒው ዚላንድ የማዎሪ ሕፃናትን ያስተማረችው ሲልቪያ አሽተን ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1963 በታተመው መጽሐፏ የገለጸችው ዘዴ አለ። እርስዋ እያንዳንዱን ልጅ «ዛሬ የምትፈልገው ቃል የቱ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጁ የነገራትን ቃል በካርቶን ላይ ጽፋ ለራሱ ትሰጠዋለች። ልጁ የሚፈራውን ወይም የሚወደውን ነገር ስም አንድ ጊዜ አይቶ ያነብበዋል። ከመጽሐፍ የተሰጠው ቃል ግን ቶሎ ቶሎ ይጠፋበታል። በዚህም ዘዴ የሕፃኑ የመጀመሪያ ድርሰት አንዲት ቃል ናት ለማለት ይቻላል፤ ቃሏ ግን የገዛ ራሱ ናት።

መምህሩ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ልጆቹ ከመጻፋቸው በፊት ይናገሩ። የአፍ ንግግር የጽሕፈት እናት መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምስክር በአማርኛ መጻሕፍታችን መካከል አለን። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አፍ የሰሙትን «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ርእስ በ1959 ዓ.ም. ማሳተማቸው ይታወሳል። የመጽሐፉ ጣዕም የሚመጣው ከአነጋገሩ ነው። ሊቁ አባት ሲናገሩ፣ ልጅ በጥሞና ሲሰማ፣ ሕያው ሰው በገጹ ላይ ይቀመጣል። በክፍልም ውስጥ ሁለት ሁለት ልጆች ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ይንገር፤ የሰማውም ጓደኛ ያልገባውን ይጠይቅ። ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ቢኖር እንኳ ሠላሳ ያኽል ሰሚ በአንድ ጊዜ ይገኛል ማለት ነው፤ መምህሩ ብቻውን ይህን ሁሉ ጆሮ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛ፣ ጥያቄው የሚጨበጥ ይሁን። «ስሜትህን ግለጽ» የተባለ ሕፃን የሚመልሰው «ደስ ብሎኛል» ወይም «አዝኛለሁ» ብሎ ነው። «የት ቆመህ ነበር? በእጅህ ምን ይዘህ ነበር? መጀመሪያ የተናገረ ማን ነው? ምን አለ? ከዚያ በኋላ ያላደረግኸው ነገር ምንድን ነው?» ብንለው ግን ስሜቱ ሳይጠሩት ይመጣል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላልና፣ የነገሩ ሥር የተደረገው ነው፤ የተሰማው ከዚያ ይበቅላል።

ሦስተኛ፣ መምህሩ አስቀድሞ አንባቢ፣ ቀጥሎ አራሚ ይሁን። ሰዋስውና ሥርዐተ ነጥብ አያስፈልጉም የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም። የተጻፈው ነገር ለሰው እንዲደርስ ቋንቋው መቃናት አለበት። ጥያቄው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ልጁ አባቱ ዝም ያለበትን ሌሊት ጽፎ ሲያመጣ መምህሩ በመጀመሪያ የሚመልስለት «አራት ነጥብ ረስተሃል» የሚል ከሆነ፣ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ነጥቡን አስተካክሎ ሌሊቱን ይተወዋል። «አባትህ በማግሥቱ ምን አለህ?» ብሎ ከጠየቀው ግን ሌላ ገጽ ጽፎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ነጥቡን ለማረም የሚበቃ ጽሑፍም ፍላጎትም ይገኛል።

አራተኛው የቋንቋ ጕዳይ ነው፤ በካፋ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከከፈተ ወዲህ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል እየተጻፈ ወደ ትምህርት ቤት ገብቷል። ልጁ ከዚያ በግእዝ ፊደል አማርኛን፣ ደግሞም እንግሊዝኛን ይጨምራል። ሦስት ቋንቋና ሁለት ዐይነት ፊደል ለሚሸከም ሕፃን ገጠመኙ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተፈጸመ መጠየቅ ይገባል። እናቱ የተጣራችው በካፊኖኖ ከሆነ፣ የተናገረችውም ቃል በዚያው ቢጻፍ እውነቱ ይጠበቃል። በአማርኛ ድርሰት መካከል «ቡኖ» የሚል ቃል ቢገኝ ቀይ መሥመር የሚሰመርበት ለምንድን ነው? አማርኛ ራሱ ከጎረቤቶቹ ብዙ ቃል ተቀብሎ የበለጸገ ቋንቋ ነው። ልጁ በአፍ መፍቻው ተናግሮና ጽፎ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ሲያሻግረው የሚያሻግረው ነገር ይኖረዋል፤ አስቀድሞ በአማርኛ እንዲያስብ ሲገደድ ግን ያጠናውን ሐረግ ይደረድራል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ከባድ ነገር መናገር ግዴታችን ነው። የልጅን ሕይወት ወደ ደብተር መጋበዝ ቀላል ጕዳይ አይደለም። በየክፍሉ ኀዘን ያለበት፣ ረኀብ ያለበት፣ በቤቱ ጠብ ያለበት ልጅ ይኖራል። በካፋ ደግሞ ማንጆ በመባል የሚታወቀው ማኅበረሰብ ከጎረቤቶቹ ጋራ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብና እንዳይጋባ ለረዥም ዘመን ሲገለል መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል። ከዚህ ማኅበረሰብ የተወለደ ሕፃን «ስለ ቤትህ ጻፍ» ሲባል በፊቱ ሁለት መንገድ ይታየዋል። ወይ ቤቱን ይደብቃል፤ ወይ እውነቱን ጽፎ መሳቂያ ይሆናል። የተነበበለት ድርሰት መዘባበቻ የሆነበት ልጅ ሁለተኛ አይጽፍም። ስለዚህ መምህሩ ከርእሱ በፊት ክፍሉን ማዘጋጀት አለበት። ሰው በጻፈው ነገር የማይሳቅበት ሕግ ያቁም፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ በፈቃድ ብቻ ይሁን፤ «ይህን መጻፍ አልፈልግም» ያለውን ልጅ «እሺ፣ የምትፈልገውን ምረጥ» ይበለው። ምስጢሩን ለራሱ የማቆየት መብት ያለው ልጅ ብቻ ነው ከልቡ ሊጽፍ የሚችለው። እንዲህ ያለ ክፍል ሲገኝ ግን፣ በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ያልታደሉ ልጆች አንዱ የሌላውን ደብተር ያነባሉ። ይህ ብቻውን የዘመናት መገለልን አያስወግድም፤ ነገር ግን ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ አባትም ማታ ማታ ዝም እንደሚል ያነበበ ሰው፣ ሲያድግ ያንን ጎረቤቱን ሰው አይደለም ለማለት ይከብደዋል።

ይህ ጕዳይ የትምህርት ቤት ብቻ ነው ብሎ የሚተወው ባለሥልጣን ቢኖር የራሱን የጽሕፈት ጠረጴዛ ይመልከት። «አበረታች ውጤት ተመዝግቧል»፤ «አንዳንድ ክፍተቶች ተስተውለዋል» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች የተወለዱት ዛሬ በመሥሪያ ቤት አይደለም፤ «ክረምቱን ቤተ ሰቦቼን በመርዳት አሳለፍሁ» ከሚለው የሕፃንነት ድርሰት ነው የመጡት። ያየውን እንዳይጽፍ ተምሮ ያደገ ሰው፣ ሹም ሆኖ ገጠር ወርዶ ሲመለስ፣ የፈረሰውን ድልድይ «የመሠረተ ልማት ውስንነት» ብሎ ይጽፈዋል፤ የበላዩም አንብቦ የትኛው ድልድይ እንደ ሆነ አያውቅም። ወንዙ ሞልቶ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ግን ድልድዩን በስሙ ያውቁታል። አንድ ሀገር ስለ ራሱ እውነቱን ማወቅ የሚችለው ያዩትን በቀጥታ መጻፍ የለመዱ ሰዎች ሲኖሩት ነው። ልማዱም ስምንት ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ደብተር ይጀመራል።

በተግባር ከየት እንጀምር ለሚለው ጥያቄ አንድ አሳብ እናቀርባለን። በቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በዚያ የሚሠለጥኑት ወጣቶች ነገ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨናና በጌሻ ክፍሎች የሚቆሙ ናቸው። እነርሱ ራሳቸው የልጅነት ገጠመኛቸውን አንዲት ሰዓት መርጠው፣ በካፊኖኖም በአማርኛም እንዲጽፉና ለጓደኞቻቸው እንዲያነቡ ቢደረግ፣ ከማንኛውም የማስተማሪያ መመሪያ ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ምክንያቱም ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ «እኔ ምን አለኝ?» ብሎ ያልተጨነቀና ከጭንቀቱም በኋላ አንዲት እውነተኛ ነገር ያላገኘ መምህር፣ የሕፃኑን ጭንቀት ስንፍና እያለ ይጠራዋል። ያለፈበት መምህር ግን ከሕፃኑ አጠገብ ይቀመጥና «መጀመሪያ የተናገረ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል።